አንጎል በባለቤቱ ላይ ምስክር ሊሆን አይገባውም

እ.ኤ.አ. በ2008 በሰኔ ወር፣ በሕንድ አገር በፑኔ ከተማ ያስቻለው ፍርድ ቤት፣ የቀድሞ እጮኛዋን በምግብ ውስጥ አርሴኒክ የተባለውን መርዝ ጨምራ ገድላለች ተብላ በተከሰሰች በአንዲት ወጣት ሴት ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ሲፈርድ፣ ለውሳኔው ድጋፍ አድርጎ ከቈጠራቸው ማስረጃዎች አንዱ ከዚያ ቀደም በዓለም ፍርድ ቤቶች እምብዛም ያልተሰማ ዓይነት ነበር። ተከሳሿ አንድም ቃል ሳትተነፍስ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በራሷ ላይ 32 ኤሌክትሮዶች ተለጥፈውባት ተቀምጣ ሳለች፣ መርማሪዎቹ የወንጀሉን ታሪክ እርሷ ራሷ እንደምትናገረው አድርገው፣ «አርሴኒኩን ገዛሁ» የሚለውንና ይህን የመሰሉትን ዐረፍተ ነገሮች፣ ስለ ሰማዩ ቀለም ከሚናገሩና ከነገሩ ጋር ምንም ግንኙነት ከሌላቸው ዐረፍተ ነገሮች ጋር እያቀላቀሉ አሰሟት። ከአንጎሏ የሚመነጨውን ረቂቅ የኤሌክትሪክ ማዕበል የሚመዘግበው ኮምፒውተርም፣ ይህች ሴት ነገሩን ከሌላ ሰው ሰምታ ያወቀችው ሳይሆን በራሷ እጅ ስላደረገችው የምታስታውሰው ነው የሚል ውጤት አወጣ። ዳኛዋም ተቀበሉት።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው ብሎ የሚያልፈው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ ነገር ግን በዚያ ችሎት የተነሣው ጥያቄ የአንዲት ሴት ወይም የአንድ አገር ጥያቄ ሆኖ አይቀርም። ሰው ያለውን ሀብት ሁሉ ቢቀሙት፣ ቤቱን ቢበረብሩበት፣ ደብዳቤውን ቢከፍቱበት፣ እጅና እግሩን በእግር ብረት ቢያስሩት፣ ማንም ሊገባበት የማይችል አንድ ጓዳ ይቀረው ነበር፤ እርሱም በልቡናው የሚያስበውና የሚያስታውሰው ነገር ነው። አባቶቻችን ልብንና ኵላሊትን የመመርመርን ሥልጣን ለፈጣሪ ትተው፣ ሰውን በሰው ፊት የሚያስጠይቀው የሠራውና የተናገረው ነው ብለው ሲያስተምሩ፣ ይህን ጓዳ ማክበራቸው ነበር። አሁን የአንጎልን ምስልና የአንጎልን ማዕበል የሚያጠናው ሳይንስ ከዚህ ጓዳ ደጃፍ ላይ ደርሶ ቆሟል። ሳይንሱን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ እንዲያውም ወደ ፊት እንደምገልጸው፣ ብዙ ሕይወት ሊያድን የሚችል የምሕረት ሥራ ከእርሱ አያለሁ። ነገር ግን ለሕክምናና ለዕውቀት በባለቤቱ ፈቃድ የሚደረገው ምርመራ ሌላ፣ በፖሊስና በዳኛ እጅ ገብቶ ሰውን በገዛ አንጎሉ የሚያስመሰክረው ምርመራ ሌላ መሆኑን፣ ሁለተኛውም ፈጽሞ ሊፈቀድ እንደማይገባ ለመናገር ብዕሬን አንሥቻለሁ።

አስቀድሞ መሣሪያው የሚያየው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያሻል። በጋዜጣና በቴሌቪዥን የአንጎል ፎቶግራፍ እየተባለ የሚቀርብልን፣ በግራጫው ላይ ቀይና ቢጫ የተረጨበት ሥዕል፣ በእውነቱ ፎቶግራፍ ሊባል አይችልም። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ ቤርገር በየና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1924 ከሰው ራስ ላይ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ማዕበል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘግብ፣ ያየውን ነገር ደጋግሞ ሳይመረምርና ሳይጠራጠር ለዓለም ለመግለጥ ስላልደፈረ፣ ጽሑፉን ያሳተመው በ1929 ነበር፤ ዛሬ አንድ ኩባንያ መሣሪያውን ለመሸጥ ሲቸኵል ሳይ፣ የዚያ ሰው የአምስት ዓመት ትዕግሥት በዐይነ ልቡናዬ ይመጣብኛል። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በብርቱ ማግኔት የሚሠራው ኤም አር አይ በየሆስፒታሉ ከገባ ወዲህ፣ ጃፓናዊው ሊቅ ሴይጂ ኦጋዋ በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲይዝና ኦክስጅኑን ሲለቅ የማግኔት ጠባዩ የተለያየ በመሆኑ፣ በዚህ ልዩነት የአንጎልን ሥራ መከታተል እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1990 አሳየ። እንግዲህ መሣሪያው ሐሳብን አያይም፤ የነርቭ ሕዋሳትን ሥራ እንኳ በቀጥታ አያይም፤ የሚያየው ሕዋሳቱ ሲሠሩ ወደ እነርሱ የሚጎርፈውን ደም፣ ያውም በጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ ነው። በሥዕሉም ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያላት አንዲት ነጥብ፣ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሕዋሳትን በውስጧ ትይዛለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሒሳብ ሥራ ነው። የትኛው ነጥብ ቀይ፣ የትኛው ግራጫ ይሁን ብሎ የሚወስነው፣ ተመራማሪው የመረጠው ስሌትና ያስቀመጠው ወሰን ነው፤ ስሌቱ ቢሳሳት ሥዕሉ እንደ ወትሮው አምሮና ደምቆ ይወጣል እንጂ፣ መሳሳቱን በፊቱ ላይ አያሳይም። አሜሪካዊው ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሙያ ጓደኞቻቸው ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ብለው፣ የሞተ የሳልመን ዓሣ ከኤም አር አይ ውስጥ አስተኝተው፣ ለሕያው ሰው እንደሚደረገው የሰዎችን ፎቶግራፍ እያሳዩ፣ በፎቶግራፉ ላይ ያሉት ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው ጠየቁት፤ በሺህ የሚቈጠሩ ነጥቦች በአንድ ጊዜ ሲመረመሩ መደረግ የሚገባውን እርማት ሳያደርጉ ስሌቱን ባወጡት ጊዜም፣ በሞተው ዓሣ አንጎል ውስጥ ሥራ ላይ ያለ ክፍል አለ የሚል ምልክት ታየ። በስዊድን አገር የሚሠራው አንዴሽ ኤክሉንድ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት ደግሞ፣ ተመራማሪዎች በብዛት የሚገለገሉባቸው የኮምፒውተር ፕሮግራሞች፣ በአንዳንድ ሁኔታ ከመቶ አምስት ጊዜ ብቻ ሊሳሳቱ ሲገባቸው እስከ 70 ጊዜ ድረስ የሌለውን አለ እንደሚሉ ተገለጠ። ይህን ያወጡት ራሳቸው ሳይንቲስቶቹ ናቸው፤ ስሕተታቸውን በአደባባይ ማረማቸው ክብራቸው ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ የተሳሳተ ጥናት በሌላ ጥናት ይታረማል፤ በተሳሳተ ጥናት ተፈርዶባት የዕድሜዋን አጋማሽ በወኅኒ ያሳለፈች ሴት ግን ዕድሜዋን የሚመልስላት ማን ነው?

በእኛ አገር ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓት እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። ንብረት የተሰረቀበት ሰው ሲያመለክት፣ አንድ ታዳጊ ልጅ የተዘጋጀለትን መድኃኒት ጠጥቶ ራሱን ከሳተ በኋላ፣ ወገቡ በገመድ ታስሮ በየመንደሩ እየተንገዳገደ ሲሄድ፣ ከገባበትና ከወደቀበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ነው ተብሎ ይያዝ ነበር። ይህ ልማድ ከቀረ ቈይቷል፤ ነገር ግን ክፋቱ በመድኃኒቱ ወይም በልጁ ላይ ብቻ አልነበረም። ክፋቱ፣ ምስክር መፈለግና ነገርን መመርመር የሰለቸው ሰው፣ የፍርዱን ሸክም ሊጠየቅና ሊመልስ በማይችል ነገር ላይ መጣሉ ነበር። ምስክር ቢዋሽ መስቀለኛ ጥያቄ ይቀርብለታል፣ ከተከሳሹ ጋር ጠብ እንዳለው ይጠየቃል፣ ቀኑ ጨለማ ነበር ወይስ ብርሃን ተብሎ ይመረመራል፤ ራሱን የሳተውን ልጅ ግን ማን ይጠይቀዋል? በፑኔው ችሎት የቀረበውም የኮምፒውተር ወረቀት እንዲሁ መስቀለኛ ጥያቄ የማይመልስ ምስክር ነበር፤ ከልጁ የሚከፋውም ነጭ ካባ ለብሶ በሳይንስ ስም በመቅረቡ፣ ልጁን የሚጠራጠር ዳኛ እርሱን ለመጠራጠር ማፈሩ ነው።

ደግሞስ መሣሪያው ፍጹም ሆኖ፣ ስሌቱም ሁሉ ተስተካክሎ፣ በሰው ልቡና ውስጥ ያለው ትዝታ እንደ መጽሐፍ የሚነበብበት ቀን ቢመጣ፣ ያን ጊዜ ይፈቀድ ማለት ነውን? እዚህ ላይ ነው የነገሩ ዐቢይ ጥያቄ ያለው፤ ብዙዎችም መሣሪያው ገና አልተጣራም የሚለውን መልስ ሰጥተው ጥያቄውን ያለፉት ይመስላቸዋል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሰውን ሥራ በኃልዮ፣ በነቢብና በገቢር ከፍለው ሲያስተምሩ፣ በኃልዮ የሚሠራው ኃጢአት ለንስሐ እንጂ ለዳኛ እንዳልተሰጠ ያውቁ ነበር። በሰው ልብ ውስጥ ቀን ከሌሊት የሚመላለሰው ሐሳብ ሁሉ የሰውየው ፈቃድ አይደለም፤ ያልሠራውን ኃጢአት በሕልሙ የሠራ አለ፤ የሚወደውን ሰው ሞት ስለ ፈራ ብቻ የዚያን ሰው መገደል በዐይነ ልቡናው አንድ በአንድ ያየ አለ፤ በፖሊስ ጣቢያ ሳምንት ሙሉ፣ አንተ ነህ የገደልኸው፣ በዚህ በር ገብተህ፣ በዚህ ቢላዋ ወግተህ፣ ሲባል ሰንብቶ፣ በሩና ቢላዋው ያደረገው ያህል የተሣሉበት አለ። ትዝታን ከምናብ፣ ምናብን ከፍርሃት፣ ፍርሃትን ከምኞት የሚለየው ድንበር ለባለቤቱ እንኳ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። ሰውም ሐሳቡን ሊያምን ሊክድ፣ ሊቀበለው ሊጥለው የሚታገልበት ቦታ ይኸው ጓዳ ስለ ሆነ፣ ወደዚያ የሚገባ ባዕድ ዓይን ሲኖር ትግሉ ራሱ ይጠፋል። ንስሐ የሚገባ ምእመን እንኳ ወደ አበ ነፍሱ ቀርቦ የልቡን የሚናገረው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ካህኑም የሰማውን እንዳይገልጥ በብርቱ ሥርዓት ታስሯል። በፈቃድ የተነገረው ምሥጢር ይህን ያህል ከተጠበቀ፣ ያልተነገረው እንዴት በግድ ይወሰዳል?

ወደ ሕንዱ ነገር ልመለስ። ያች ሴት ለመመርመር ተስማምታ እንደ ነበር ተነግሯል፤ ነገር ግን የነፍስ ግድያ ክስ ያንዣበበባት ሴት፣ እምቢ ብትል ወንጀለኛ መሆኗን አረጋገጠች ሊባል መሆኑን እያወቀች የሰጠችው እሽታ፣ ፈቃድ የሚለውን የከበረ ስም ሊሸከም የሚችል አይመስለኝም። ፍርዱ በተሰጠበት በዚያው ዓመት፣ በባንጋሎር የሚገኘው የአገሪቱ ታላቅ የአእምሮ ጤናና የነርቭ ሳይንስ ተቋም ዋና ኃላፊ የመሩት የባለሙያዎች ጉባኤ ምርመራውን ፈትሾ፣ ሳይንሳዊ መሠረት የለውምና ለፍርድ ቤት ማስረጃ አይሁን ብሎ ነበር፤ የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ቅጣቱን አግዶ ሴቲቱን በዋስ ለቀቃት። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ ሴልቪ በተባለው ታዋቂ ጉዳይ፣ በፕሬዚዳንቱ በኬ. ጂ. ባላክሪሽናን ሰብሳቢነት፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2010 በሰጠው ውሳኔ፣ በመድኃኒት አደንዝዞ መጠየቅም፣ በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ መመርመርም፣ የአንጎልን ማዕበል መመዝገብም፣ ያለ ሰውየው ፈቃድ እንዳይደረግ ከለከለ። ለሦስቱ አንድ ፍርድ መስጠቱ ከጥበብ የመነጨ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል የሚለውን የአበው ተረት እንደ ሕግ ወስዶ፣ መርማሪው ተጠርጣሪውን አስክሮ ያናግር የሚል ሰው ቢኖር ሁላችንም እንደምንቃወመው አልጠራጠርም፤ ብቅሉ በኤሌክትሮድ ስለ ተተካ ግን ተቃውሟችን ሊላላ አይገባውም።

የዚያ ውሳኔ ትልቁ ቁም ነገር ሕግ ዐዋቂዎች ሲከራከሩበት ከኖሩት ከአንድ ልዩነት ላይ ነው። በብዙ አገሮች ሕግ፣ ተከሳሽ በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም፤ የጣት አሻራውን፣ ደሙን፣ ፀጉሩን እንዲሰጥ ግን ሊገደድ ይችላል፤ ምክንያቱም ቃሉ ከልቡናው የሚወጣ፣ ደሙ ግን ከሥጋው የሚወጣ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። እንግዲህ የአንጎል ምስል ከየትኛው ወገን ይመደብ? አንጎል ሥጋ ነው፤ ማዕበሉም ሆነ በውስጡ የሚጎርፈው ደም የሥጋ ነገር ነው፤ ስለዚህ እንደ አሻራ ይቈጠር የሚሉ አሉ። ክርክሩ ከላይ ሲታይ ቀና ይመስላል። ነገር ግን መርማሪው ከጣት አሻራ የሚፈልገው አሻራውን ራሱን ሲሆን፣ ከአንጎል ማዕበል የሚፈልገው ማዕበሉን ሳይሆን በማዕበሉ በኩል ሰውየው የሚያውቀውን ነገር ነው፤ የሚያውቀውን ነገር ከሰው አውጥቶ ለዳኛ ማቅረብም፣ በአንደበት ቢሆን በኤሌክትሪክ፣ ምስክርነት ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የምርመራው ውጤት እንደ ምስክርነት ቃል እንደሚቈጠር የወሰነው ይህን አስተውሎ ነው፤ ርቱዕ ፍርድም ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ልዩነት ለእኛም ባዕድ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ንኡስ አንቀጽ 5፣ የተያዙ ሰዎች በማስረጃነት ሊቀርብባቸው የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጡ እንደማይገደዱ፣ በማስገደድ የተገኘውም ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 27ም የማሰብና የሕሊናን ነፃነት ከሃይማኖት ነፃነት ጋር አጣምሮ ያከብራል። ነገር ግን የእምነት ቃል ሲባል ሕግ አውጪው በዐይነ ልቡናው ያየው አፍ የሚናገረውን ወይም እጅ የሚጽፈውን እንደ ሆነ ግልጽ ነው፤ ዝም ባለ ሰው አንጎል ውስጥ የሚሮጠውን ደም አስቦ አልጻፈም። አንድ ቀን መሣሪያው ተገዝቶ ከምርመራ ክፍል ቢገባ፣ ይህ ቃል አይደለምና አንቀጹ አይነካውም ብሎ የሚከራከር ዐቃቤ ሕግ እንደማይጠፋ መገመት ነቢይ መሆንን አይጠይቅም። ስለዚህ ያ ክርክር በተከሳሽ ላይ ከመቅረቡ አስቀድሞ ሕጋችን በር ሊዘጋለት ይገባል።

ከተከሳሹ ወገን ሲቀርብስ? እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የስድስተኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያየው ጉዳይ ይህ ነበር። በቴኔሲ ግዛት የሚኖር አንድ የሥነ ልቡና ባለሙያ መንግሥትን አታሎ ገንዘብ ወስዷል ተብሎ ሲከሰስ፣ በኤም አር አይ ውሸትን እለያለሁ ከሚል ኩባንያ ዘንድ በገዛ ፈቃዱ ሄዶ ተመረመረ። በመጀመሪያው ምርመራ እውነተኛ ነህ ተባለ፤ በሁለተኛው ትዋሻለህ ተባለ፤ ደክሞት ይሆናል ተብሎ በሦስተኛው ሲመረመር እንደ ገና እውነተኛ ሆነ። ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን አልቀበልም አለ። ለተከሳሽ ማዘን ደግ ነው፤ ነገር ግን ንጹሕ ሰው በፈቃዱ ቢመረመር ምን አለበት የሚለው በር አንዴ ከተከፈተ፣ ያልተመረመረው ሁሉ ስለ ምን ፈራ ይባላል። ስለዚህ በባለቤቱ ላይም ሆነ ለባለቤቱ፣ በወንጀል ችሎት ይህ ማስረጃ ባይቀርብ እመርጣለሁ።

የሚያስፈራው ነገር የሩቅ ዘመን ሕልም ብቻ እንዳይመስል፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኦስቲን ከተማ አሌክሳንደር ሁትና ጄሪ ታንግ ከጓደኞቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2023 ያሳተሙትን ሥራ መጥቀስ ይገባል። ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 16 ሰዓት ያህል በኤም አር አይ ውስጥ ተኝተው ታሪክ ሲሰሙ ከተመዘገቡ በኋላ፣ ኮምፒውተሩ አዲስ ታሪክ ሲሰሙ፣ ወይም በልባቸው ታሪክ ሲተርኩ፣ የታሪኩን ሐሳብ በሌላ አነጋገር መልሶ ለመጻፍ ቻለ፤ ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ሲያገኝ ግን የሚያገኘው ነገር ያስደንቃል። ተመራማሪዎቹ የሚመሰገኑበት ነገር፣ መሣሪያቸው በግድ ይሠራ እንደ ሆነ ራሳቸው አስቀድመው መፈተናቸው ነው፤ ከአንድ ሰው የተማረው ኮምፒውተር የሌላውን ሰው ሐሳብ ለማንበብ እንደማይችል፣ ተመርማሪውም በልቡ የእንስሳትን ስም ቢጠራ ወይም ሌላ ታሪክ ቢተርክ ንባቡ እንደሚበላሽ አረጋገጡ። ደስ ይላል። ነገር ግን ዛሬ ልቡናችንን የሚጠብቀው የመሣሪያው ድካም ብቻ ከሆነ፣ መሣሪያው በበረታ ቀን ጠባቂ የለንም ማለት ነው፤ ድካሙም በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ አይጨምርም።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ሳበቃ፣ የዚሁ ሳይንስ ሌላው ፊት ምሕረት መሆኑን ብሸሽግ በደለኛ እሆናለሁ። አድሪያን ኦወን የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝ አገር፣ በመኪና አደጋ ራሷን ስታ ለወራት ምንም ሳትሰማ ትኖራለች የተባለችን የ23 ዓመት ወጣት በኤም አር አይ ውስጥ አስተኝቶ፣ ቴኒስ ስትጫወቺ አስቢ፣ ደግሞም በቤትሽ ክፍሎች ውስጥ ስትዘዋወሪ አስቢ ባላት ጊዜ፣ አንጎሏ እንደ ጤናማ ሰው አንጎል መለሰ። ከአራት ዓመት በኋላ በእንግሊዝና በቤልጅግ 54 ሕሙማን በዚህ መንገድ ሲመረመሩ አምስቱ ትእዛዙን ሰምተው ፈጸሙ፤ ከእነርሱም አንዱ፣ አዎን ለማለት ቴኒስ፣ አይደለም ለማለት ቤቱን እያሰበ፣ ስለ ቤተ ሰቡ የቀረቡለትን ጥያቄዎች መለሰ። በድን ነው ተብሎ በአልጋ ላይ የተረሳ ሰው፣ በውስጡ ነቅቶ፣ የሚጠይቁትን ቤተ ዘመዶቹን እየሰማ ኖሮ ከሆነ፣ ድምፁን የሚያወጣለት መሣሪያ እንዴት አይባረክ! እዚህ ሐሳብን ማንበብ የባለቤቱን ጓዳ መድፈር ሳይሆን፣ በሩ ተቈልፎበት የቀረውን ሰው መጥራት ነው። ይሁን እንጂ በዚህም መልካም ሥራ ውስጥ ከባድ ጥያቄ አለ፤ በአዎንና በአይደለም ብቻ የሚናገረውን ሰው ምን ብለን እንጠይቀው? ሥቃይ አለብህ ወይ ተብሎ ይጠየቅ፣ መልሱም ወዲያው መድኃኒት ያስገኝለት፤ መኖር ትፈልጋለህ ወይ የሚለውን ጥያቄ ግን፣ ማመንታቱን፣ ሐዘኑን፣ ነገ ሐሳቡን መለወጡን ሊነግረን ለማይችል ሰው ማቅረብ፣ ዝምታውን ራሱ ፍርድ ማድረግ ስለ ሆነ፣ ሐኪሞች እጃቸውን ሊሰበስቡ ይገባል ባይ ነኝ።

ከአህጉራችንም አንድ ምስክር ልጥቀስ። በማላዊ፣ በብላንታየር ከተማ በንግሥት ኤልሳቤጥ ማእከላዊ ሆስፒታል፣ ቴሪ ቴይለር የተባለች ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር፣ ወባ አንጎላቸው ላይ ወጥቶባቸው ራሳቸውን የሳቱ 168 ሕፃናትን በኤም አር አይ መርምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱን አሳተመች፤ ከሞቱት 25 ሕፃናት ሃያ አንዱ አንጎላቸው በብርቱ አብጦ እንደ ነበር፣ ከዳኑት 143 ግን እንዲህ የሆኑት 39 ብቻ እንደ ነበሩ ታወቀ። የብዙ ዘመን ምሥጢር የነበረው፣ ሕፃናቱን የሚገድላቸው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ብርሃን አገኘ። ያች ልጇን ታቅፋ ሆስፒታል የደረሰች እናት ግን፣ ልጇ በሞትና በሕይወት መካከል ሳለ ለምርምር ፈርሚ ስትባል፣ ሕክምናውንና ምርምሩን ለይታ የምታይበት ጊዜም ልብም የላትም፤ ስለዚህ የተመራማሪው ሕሊና ከፊርማዋ ይልቅ ሊጠብቃት ግድ ነው። በሆላንድ፣ በሮተርዳም ከተማ 2,000 ሰዎች ለጥናት ብቻ ሲመረመሩ፣ ከመቶ 7.2 ያህሉ ሳያውቁት የአንጎል ክፍላቸው ደም አጥቶ እንደ ሞተ፣ 1.8 ያህሉ የደም ሥራቸው እንዳበጠ፣ 1.6 ያህሉ ገዳይ ያልሆነ ዕጢ እንዳለባቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ተገልጧል። የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪም በቅርብ በሚገኝበት አገር እንዲህ ያለውን ግኝት መንገር ሕይወት ማዳን ነው፤ ሐኪሙ በሌለበት አገር፣ ዕጢ አለብህ ብሎ ነግሮ ሰውየውን ወደ ቤቱ መስደድ ግን ሸክምን በትከሻው ላይ ጭኖ መሸሽ ይሆናል። መሣሪያውን ወደ ድኻ አገር ይዞ የሚመጣ ሁሉ፣ ለሚገኘው በሽታ የሕክምናውን መንገድ አብሮ ይዞ ካልመጣ መምጣቱ ቢቀር ይሻላል።

ከአንጎል የሚወሰደው ምስልና ምዝገባ ባለቤቱ ማን ነው የሚለውን ደግሞ በአጭሩ። ስም የተፋቀበት ምስል ስም የለሽ ነው ተብሎ ለዓለም ተመራማሪዎች ይታደላል፤ በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳሳዩት ግን፣ የ84 ፈቃደኞች የራስ ምስል ወደ ፊት መልክ ተለውጦ ከፎቶግራፋቸው ጋር በኮምፒውተር ሲመሳከር፣ ከእነርሱ 70ው በትክክል ተለይተው ታወቁ። በራስ ላይ የሚጠለቅ ትንሽ የአንጎል መመዝገቢያም ዛሬ በገበያ ይሸጣል። ቺሊ ይህን አይታ እ.ኤ.አ. በ2021 የአንጎልን ሥራና ከእርሱ የሚገኘውን መረጃ የሚጠብቅ ቃል በሕገ መንግሥቷ ጨመረች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የቀድሞው ሴናተር ጊዶ ጂራርዲ ባቀረቡት አቤቱታ፣ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ከእርሳቸው አንጎል የሰበሰበውን መረጃ እንዲደመስስ አዘዘ። ትንሽ የምትባል አገር ለዓለም መንገድ መርታለች።

እኛም የግል መረጃን የሚጠብቅ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 አውጥተናል። ዐዋጁን ለማስፈጸም ደንብና መመሪያ የምታዘጋጁ የሕግ ሰዎች፣ ከሰው አንጎል የሚወሰድ ምስልና ምዝገባ በስሙ ተጠርቶ ከሁሉ የበለጠ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች ጋር እንዲጻፍ አድርጉ፤ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉን የምታሻሽሉም፣ እንዲህ ያለው ምዝገባ በተጠርጣሪ ላይ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ በአንድ ግልጽ ዐረፍተ ነገር ደንግጉ። በየዩኒቨርሲቲውና በየሆስፒታሉ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጣችሁ መምህራንና ሐኪሞች፣ የአንጎል ጥናት ፈቃድ ሲቀርብላችሁ፣ ምስሉ ለምን ሥራ እንደሚውል፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚደመሰስ፣ በሽታ ቢገኝ ተመርማሪው ወዴት እንደሚላክ ሳይጻፍ ማኅተማችሁን አታሳርፉ። መሣሪያው በአገራችን የምርመራ ክፍሎች ገና አልገባምና፣ ሕጉን ለመጻፍ የሚመቸው ጊዜ አሁን ነው።